ከናስቲሆ ኋላ ያሉት አርባ አንድ ሴቶች

የእንግዶችን የሕይወት ታሪክ አሰባስብ ሲሉኝ ሳላቅማማ የተቀበልኩት ወሬ ስለምወድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ለሁለት ቀን የሚካሄድ የፖሊሲና የንግድ ጉባኤ ነበር። መድረክ ላይ የሚወጡት ሠላሳ ሁለት እንግዶች የእያንዳንዳቸው ታሪክ ከነፎቷቸው በአንዲት ትንሽ መጽሔት ይታተማል፤ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ስልሳ ቃል ነው። አንዱ ዶክተር አራት ገጽ ላከልኝ፤ ሦስተኛ ክፍል እያለ አንደኛ መውጣቱን እንኳ አልተወም። አንድ ባለፋብሪካ ደግሞ የረገጣቸውን አገሮች ዘርዝሮ ዘርዝሮ አሥራ ዘጠኝ አደረሳቸው። እኔ ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ። ሰው ስለ ራሱ የጻፈውን ስትቆርጥበት ሳታስፈቅደው ፀጉሩን የላጨኸው ያህል ይቀየምሃል፤ ምን ይደረግ።

በመጨረሻ የቀረችኝ አንዲት እንግዳ ብቻ ነበረች፦ ናስቲሆ፣ የግመል ወተት ነጋዴ። ስልኳ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። የጉባኤው አስተባባሪ ማርቲ ቁርጡን ነገረችኝ። ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ታሪኳ ካልደረሰ መድረክ ላይ የምትናገርበት አምስት ደቂቃ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ናስቲሆም እንደ ማንኛውም ተሳታፊ ከኋላ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ማርቲ ክፉ ሆና አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ አስጨንቋት ነው። ሐሙስ ጧት ባጃጅ ይዤ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ።

ናስቲሆ ሃምሳ አምስት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ብርቱካንማ ድሪያ የለበሰች ሴት ናት። ከግድግዳው ጥላ ሥር በዱካ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ከጀልዴሳ የሚመጣው የወተት መኪና አልደረሰም። ገዢዎች ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ያጉረመርማሉ። ስልክ የማታነሳው ለካ ሾፌሩ ዮኒስ ሲደውል መስመሩ እንዳይያዝበት ኖሯል።

የመጣሁበትን ነገርኳት፤ የኋላ ታሪክሽን ልጽፍ ነው አልኳት።

«የኋላዬን?»

«አዎ፣ የኋላሽን።»

ድሪያዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ጻፍ በል። ፋዱማ አብዲራህማን፣ ጀልዴሳ። የሚታለቡ ሁለት ግመሎች አሏት፣ አንዷን እግሯን አሟታል። ዓናብ ጃማዕ፣ ከሷ ማዶ ናት። አምስት ሊትር ታመጣለች፤ ዓርብ ዓርብ አታመጣም።»

ሶማሌ ሽማግሌዎች የአያት ቅድመ አያት ስም ሲደረድሩ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁ የዘር ሐረጓን የምትቆጥርልኝ መስሎኝ ዝም ብዬ መጻፍ ያዝኩ። ግን ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ደግሞ የትኛው ቅድመ አያት ነው ዓርብ ዓርብ ወተት የማያመጣ? ስምንተኛዋ ላይ አቆምኳትና እነማን ናቸው አልኳት።

«የኋላዬ ናቸዋ» አለች፣ የዋህነቴ ገርሟት። «ከኋላሽ ያለውን አላልክም? አርባ አንድ ናቸው። ገና ስምንት ነው የነገርኩህ።»

ሳቅኩ፤ የት እንደተወለደች፣ ምን እንደተማረች፣ ምን እንደሠራች ማለቴ መሆኑን አስረዳኋት።

«እሱማ አጭር ነው፣ ዋሪያ። ተወለድኩ፣ አገባሁ፣ ባሌ ሞተ፣ ወተት ያዝኩ። ይሄን ለማን ልታስነብብ ነው?»

መኪናው እስኪመጣ የነገረችኝ ስለ ወተቱ ነው። ሴቶቹ በሌሊቱ መጨረሻ አልበው ሊነጋጋ ሲል ለዮኒስ ያስረክባሉ። በደህናው ጊዜ ሁለት ሰዓት ላይ ቀፊራ ይደርስ ነበር። አሁን በመንገዱ ባለ አንድ ኬላ ፍተሻው ስለጠበቀ የወተት መኪናዋ ከከባድ ጭነት መኪናዎች ኋላ ተሰልፋ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። «የግመል ወተት ታጋሽ ነው፣ እንደ ላም ወተት አይደለም» አለችኝ፤ «ግን የድሬን ፀሐይ ማን ታግሶት?» ከሴቶቹ ሦስቱ ሊተዉት ነው። ወተቱን የተወች ሴት የሚቀራት ከሰል ማክሰል ነው፤ ያም ካለቀ ግመሏን ትሸጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚቀራት የለም። ጉባኤው ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የወተት መኪና ከሰልፉ በፊት ተፈትሾ ይለፍ።

መኪናው የደረሰው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዮኒስ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ናስቲሆ የጀሪካኖቹን ክዳን እየከፈተች ታሸታለች፤ አንዱም ምልክት የለበትም፣ ሁሉም ቢጫ ነው። እያንዳንዷ ሴት ዕቃዋን የምታጥንበት እንጨትና የአስተጣጠኗ ነገር ለየቅል ስለሆነ፣ ሽታው ለሷ ስም ነው። አሥራ አንዱን ወደ ጎን አደረገች፤ ተበላሽተዋል። ከዚያ ዮኒስን አስጠግታ የአሥራ አንዱን ሴቶች ስም አንድ በአንድ ነገረችው፣ ለማን ምን ብሎ እንደሚያጽናና ጭምር።

ስልሳ ቃል ለመጻፍ እንደዚያን ቀን ተቸግሬ አላውቅም። ማርቲ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«‹የኋላ ታሪኳ አርባ አንድ ሴቶች ናቸው›? የትምህርት ደረጃዋስ?»

«የነገረችኝ ይሄንን ነው።»

«ቃሉ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ስምንት።»

ትንሽ አሰበችና «ይግባ» አለች።

ጉባኤው ሰኞ ተከፈተ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው ሁሉ ከረባትና ላፕቶፕ። ናስቲሆ መድረክ ላይ የተቀመጠችው ከዚያ ከባለ አራት ገጹ ዶክተርና ከአቶ ወልደጻድቅ መካከል ነው። አቶ ወልደጻድቅ የኬላዎቹ ጉዳይ የሚመለከተው ሰው ነው፤ ከደጋ አገር ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለተኛ ወሩ። ተራዋ ሲደርስ ማይኩን ገፋ አድርጋ ዞረችበት።

«አንተ ነህ የኬላው ሰው?»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ወልደጻድቅ ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ድሬ ላይ አንቱታ የሚባል ነገር እንደሌለ ማንም አልነገረውም መሰለኝ። ግን ጨዋ ሰው ነው፣ አዎ እኔ ነኝ አለ። ጥያቄዋን በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰች። እሱም በትሕትና መለሰላት፤ ችግሯ እንደሚገባው፣ ነገር ግን በወተት ስም ሌላ ዕቃ ጭኖ የሚያልፍም እንዳለ ነገራት፤ ፈታሹ የማንን ወተት እንደሚያሳልፍ በምን ሊያውቅ እንደሚችል ጠየቀ።

«እናቴ፣ የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ ዝርዝር ቢኖረን ኖሮ ቀላል ነበር።»

«የምትፈልገው ዝርዝር ነው?»

«አዎን፣ ዝርዝር።»

«ያዝ እንግዲህ» አለችና ጀመረች።

ከፋዱማ ጀመረች። ስም ከነአባት፣ መንደር፣ የሚታለቡት ግመሎች ስንት እንደሆኑ፣ የወተቱ መጠን፣ የምትቀርበት ቀን። ወረቀት የለ፣ ስልክ የለ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ። አሥር አለፈች፣ አሥራ አምስት አለፈች። የመድረኩ መሪ አምስት ደቂቃ መሙላቱን ሊያሳውቅ ደወሉን አነሳ፤ ግራ ቀኝ አየና ሳያሰማ መልሶ አስቀመጠው። ዶክተሩ የሚተይበውን ትቶ አፏን አፏን ያያል። ሃያ ላይ አቶ ወልደጻድቅ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና በመጽሔቱ ጀርባ መጻፍ ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆዪልኝ። ፈርዶውሳን ቅድም ብለሻል እኮ» አለ። አንቺ ማለቱን ራሱም ያወቀው አይመስለኝም።

«ፈርዶውሳ ሁለት ናቸው። ረጅሟ ሰባት ሊትር፣ አጭሯ ሦስት። አጭሯ አራስ ናት፣ እስከ ወር መጨረሻ እህቷ ናት የምታልበው። ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የሷ ድምፅና የሱ እስክሪብቶ ብቻ ሆነ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነኝ። ከዚያ አዳራሽ ካሉት የሠላሳ ሁለቱን ታሪክ ጽፌአለሁ፤ የኋላውን እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ሐሙስ ዕለት ስምንተኛዋ ላይ ማቋረጤ ያን ጊዜ አሳፈረኝ።

«አርባ አንድ» ብላ ጨረሰች። «ከዚህ በላይ ጀሪካን ካየህ የኔ አይደለም፤ ያዘው።»

አቶ ወልደጻድቅ የጻፈውን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ቆጠረ፤ አርባ አንድ። ከዚያ ማይኩን ይዞ፣ ዝርዝሩን አስተይቦ ማኅተም እንደሚያስመታበት፣ ከረቡዕ ጀምሮ ለአሥራ አምስት ቀን የወተት መኪናዋ ቀድማ ተፈትሻ እንድታልፍ እንደሚያደርግ፣ ከዚያ ደግሞ ውጤቱ ታይቶ እንደሚወሰን ተናገረ። ጭብጨባው ያን ጊዜ መጣ። ናስቲሆ አላጨበጨበችም፤ ለዮኒስ እየደወለች ነበር።

ረቡዕ ጧት አላስቻለኝም፣ ቀፊራ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ከአምስት ነው። የዮኒስ መኪና ቆማለች፤ ጀሪካኖቹ ከጥላው ሥር ተደርድረዋል። ናስቲሆ ሁሉንም አሽትታ ጨርሳለች፤ ወደ ጎን የተደረገ አንድም የለም። እሷ ግን ደስ ያላት አትመስልም፤ ግንባሯን ቋጥራ ስልክ ይዛለች።

ገዢ የለም። ወሩን ሙሉ መኪናው ማርፈዱን ለምደው፣ ዛሬ ገና ከቤታቸው አልወጡም።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ሰዓቱን አትይ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ» ትላለች በስልኩ። «ደርሷል እኮ ነው የምልሽ። ወላሂ፣ እፊቴ ነው ያለው።» ዘጋችና ሌላ ቁጥር ትነካ ጀመር፣ በቃሏ።