ፈቺ የሌለው ጾም

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም፤ መምህራችን ስሜን ሲጠሩ እንኳ «አቤት» ማለት ያቅተኝ ነበር። ግን እዚህ አማን ውስጥ እንደኔ ሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶች አሉ፤ አገር ቤትም ለመምጣት ሻንጣ የሚገዙ አሉ። እነሱ ያንብቡት ብዬ ነው። ስህተት ካለበት አርሙልኝ። የዋሸሁበትንም ቦታ ዋሸሁ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ከቤቴ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። መንደራችን ከጉና ሥር ነው፤ ነሐሴ ላይ ጉሙ ከደጃፍ አይነሳም። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። እናቴ ድንች ቀቅላ በጨርቅ ቋጠረችልኝ። የነፍስ አባታችን መምሬ ይልቃል በዚያ ጭቃ በበቅሎ መጥተው መስቀል አሳለሙኝና «መንገደኛ ነሽ፤ እስክትደርሺ ፈትቼሻለሁ። ሲርብሽ ብዪ፣ ሰዓት አትጠብቂ» አሉኝ።

እኔ ግን ጠበቅሁ። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ መኪና ተሳፍሬ፣ ሐሙሲት ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲበላ ቋጠሮዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው የፈታሁት። በመንደራችን ጾም በመቻል የምመሰገን ልጅ ነበርኩ። ሌላ የምመሰገንበት ነገር አልነበረኝም።

የወጣሁበትን ምክንያት ሰው ይጠይቀኛል። ማንም አልገፋኝም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ገብሱን በረዶ መታው፣ ድንቹም መሬት ውስጥ በሰበሰ። ጎረቤት መጥታ «ምነው ዛሬ ጭስ አላየሁም?» ስትላት እናቴ «ጾም ላይ ነን» ትላለች። ጾሙ ካለፈም «የፈቃድ ጾም ይዤ ነው» ትላለች። ተርበናል የሚል ቃል ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤቶቻችንም ያውቃሉ መሰለኝ፤ እነሱም በተራቸው የፈቃድ ጾም ይዘው ያውቃሉ።

አማን እንደ ደብረ ታቦር ዳገት ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ቤቱ ሁሉ ግን ነጭ ድንጋይ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያልታረሰ ጭንጫ ይመስላል። ብርዱም እንደ ጉና ነው ይሉኛል፤ አይደለም። የጉና ብርድ እሳት ዙሪያ ሰው ይሰበስባል፣ የዚህ ብርድ ከወለሉ ተነስቶ በባዶ እግር ይገባል። ዳቧቸው ኹብዝ ይባላል፤ ስስ ነው፣ ከላስቲክ እየወጣ ይበላል፣ ማንም ማንንም አያጎርስም። ጠዋት እንዴት አደርሽ የሚለኝ የለም። «ያላ» ነው የሚሉኝ፤ ቶሎ በይ ማለት ነው።

የገባሁበት ቤት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ማዳም ሩላ መጀመሪያ ደግ ነበረች፤ በረንዳ ስታጠቢ ይብረድሽ አልልም ብላ ቦት ጫማ ገዝታልኛለች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ሰላም የሚል ዝምተኛ ሰው ነው። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ሐኪሟ ክብደትሽን ትንሽ ብትቀንሺ ሳይረዳሽ አይቀርም አለቻት። ማዳም ግን ትንሽ የሚባል ነገር አታውቅም። ከስልክ ላይ አንድ ጾም ተማረች። ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ምንም አይቀመስም፤ አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ እንደ ወፍ ይጮኻል፣ ያኔ ይበላል።

ረመዳን ገና ስለነበር ግራ ገባኝና ጠየቅኋት።

«ማዳም፣ ጾሙ የምን ነው?»

«የወገብ» አለችና ሳቀች።

አፌን ዘግቼ በኖርኩበት ቤት አንድ ቀን ብከፍተው የሚከተለውን ተናገርኩ፦ «እኔ አገር ሁልጊዜ ይጾማል። እኔ ጾም አይቸግረኝም።» በልቤማ ንቄያት ነበር። እስከ አራት ሰዓት አለመብላት ጾም ሆነና ስም ወጣለት ብዬ። እሷ ግን አቀፈችኝ። እንግዲያው አብረን እንጹም፣ ብቻዬን ሆኜ ሽታው እያሸነፈኝ ነው አለችኝ።

በሳምንቱ ማቀዝቀዣውና የእህል ቁምሳጥኑ ቁልፍ ተበጀላቸው። ቁልፉን እንዳትፈተን ብላ ለባሏ ሰጠችው፤ እሱም ኪሱ ከትቶ ሥራ ይሄዳል። እሱ ቁርሱን ቢሮው ይበላል። ሁለት ሴቶች ቤት ውስጥ ሆነን እህሉ የሚፈታበት ብረት ከተማው ውስጥ በመኪና ይዞራል።

አራት ሰዓቱ ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ስምንት ሆነ። ሲፈታም የምንበላው ኪያርና ሰላጣ፣ በላዩ የጣት ያህል ዶሮ ነው፤ እሷ የምትበላውን ነው የምትሰጠኝ። እሷ ጾሙን ተኝታ ታሳልፈዋለች፣ እኔ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስቼ የአራት ፎቅ ደረጃ እያጠብኩ። ማታ ማታ የልብስ ሰፊ ሜትር ታወጣና ወገቧን ለኪኝ ትለኛለች። ቀጥላ የኔን ትለካለች። የኔ ሲያንስ ፊቷ ይከፋል፤ እኔ ምን ላድርግ፣ ሆዴን ነፍቼ እቆምላት ጀመር።

ያኔ ነው አገሬን ማሰብ የጀመርኩት። እኛ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ካለ፣ ሽሮው በድስት ሙሉ ይቀርባል። አራስ አትጾምም። የታመመ ሰው እጾማለሁ ብሎ ግትር ካለ መምሬ ራሳቸው መጥተው ተቆጥተው ያበሉታል። ያሰረ ሰው ይፈታል። የማዳምን ጾም ያሰረው ስልክ ነው፤ ስልክ ሰዓት መጨመር እንጂ ፈትቼሻለሁ ማለት አያውቅም።

ጸጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣ ጀመር። ከማዳም ትራስ ላይም እየለቀምኩ እጥላለሁ። ደረጃው ላይ ዓይኔ ይጨልምብኝና ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። እሷ ደግሞ ቁጡ ሆነች፤ ሲኒ ከሲኒ አጋጭተሽ አሳመምሽኝ ብላ በጥፊ መታችኝ፣ ወዲያው እሷው አለቀሰች። አንዲት የደብረ ታቦር ልጅ ከአገር ቤት ስትመለስ እናቴ የላከችውን የገብስ ቆሎ አመጣችልኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ውሃ ከፍቼ መቆርጠም ጀመርኩ። ገብስ ደግሞ ድምፁ አይደበቅም። ማዳም በሩን አንኳኩታ ምንድን ነው የሚንቋቋው አለች። ጥርሴ ነው፣ ብርዱ ነው አልኳት። ስወጣ ፌስታሉን ከብብቴ አውጥታ ወሰደችው።

በማግስቱ ወዳስመጣኝ ቢሮ፣ መክተብ ወደሚሉት፣ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ አማርኛ ይችላል።

«ማዳምሽ ትበላለች?» አለኝ።

«አትበላም።»

«አንቺስ?»

«አልበላም።»

«ታዲያ እንደ እህቷ ይዛሻለች ማለት ነው። ሌላው ቤት ማዳሟ እየበላች ሠራተኛዋ ስትራብ ነው የሚደወልልኝ። የአንቺን ምን ብዬ ልመዝግበው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ደግሞ እዚህ አገር ሰው ለዚህ ነገር ገንዘብ ይከፍላል። አንቺ በነፃ አገኘሽው።»

እሺ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። ያመሰገንኩበት ነገር እስካሁን አልገባኝም።

የሚቀጥለውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያለዚህ ታሪኩ ታሪክ አይሆንም። የወር አበባዬ ቀረ። አንድ ወር ብርዱ ነው አልኩ። ሁለተኛው ወር ሲያልፍ ፈራሁ። የምነግረው ሰው የለም። የማዳምም በነዚያው ወራት ቀርቶ ኖሯል፤ እሷ ግን ደስ አላት። እንደ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ካልሲ ገዝታ አሳየችኝ። ለምን በዚያ በወረቀቱ አትመረመሪም ብላት፣ ስድስት ዓመት ያንን ወረቀት እያየሁ አልቅሻለሁ፣ አሁን ሐኪሟ በአፏ ትንገረኝ አለች። ጾሙንም አልተወችም፤ ይህን ያመጣልኝ እሱ ነው ብላ ሰዓት ጨመረችበት። ፋሲካ መጣ፤ በኪያር አሳለፍኩት።

የፋሲካ ማግስት ሳምንት፣ ማዳም የመታጠቢያ ቤቱን መሳቢያ ስትከፍት የገዛችልኝ ሞዴስ ሳይነካ አገኘችው። ወጥ ቤት መጥታ በሩን ዘጋች። ለረጅም ጊዜ ሆዴን አየችው።

«ከማን ነው?» አለችኝ።

በዚያ ቤት ወንድ አንድ ብቻ ነው። ማልሁላት፣ በእመቤቴ ማልሁላት። የሷን ሆድ ያስደሰተው ምልክት በኔ ሆድ ወንጀል ሆነ። እዚህ ያላገባች አርግዛ ብትገኝ እስር ቤት እንደምትገባ የማታውቅ የለችም፤ ከዚያ ወጥታ ደግሞ ወደ ጉና ምን ይዛ ትገባለች?

ሦስታችንም በአንድ መኪና ሄድን። እሷ ከፊት ተስፋዋን ይዛ፣ እኔ ከኋላ ክሴን ይዤ። ባሏ ይነዳል፤ ጆሮው ቀልቷል። የእህሉ ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ሁለት ብልቃጥ ሰጠችን። ማዳም ጠጋ ብላ «የኔ እንዲኖር ነው፣ የሷ እንዳይኖር ነው የምንፈልገው» አለቻት። ነርሷም እንዳይቀያየሩ በአንዱ ላይ የማዳምን ስም ጻፈች። የኔን ስም መጻፍ ሲከብዳት «ሠራተኛ» ብላ ጻፈችበት።

ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ሁለታችሁም እርጉዝ አይደላችሁም አለች። እኔ ነፍሴ ተመለሰች። ማዳምን ሳያት ግን ልደሰት አፈርኩ። የኔ ነፃነትና የሷ ሐዘን ከአንድ አፍ በአንድ ቃል ወጣ።

ሐኪሟ የሁለታችንንም ጥፍርና ጸጉር አየች፤ ትናንት የበላነውን አስቆጠረችን። ከዚያ ለማዳም እንዲህ አለቻት፦ «ትንሽ ቀንሺ አልኩሽ እንጂ ራስሽን አስርቢ አላልኩሽም። የሚስማማቸው ሴቶች አሉ፤ አንቺ ግን የምትበዪው ለራስሽም አልበቃሽም። ሰውነት ለራሱ ሲያንሰው ቀድሞ የሚዘጋው የልጁን በር ነው። ልጅ ላመጣ ብለሽ በሩን ዘጋሽው።»

ሐኪሟ ወደኔ ዞረች። እሷስ ለምን አትበላም ብላ ጠየቀች።

«ሃይማኖቷ ነው፣ እነሱ ሁልጊዜ ይጾማሉ» አለች ማዳም፣ ጠረጴዛውን እያየች።

«እውነቷን ነው?» አለችኝ ሐኪሟ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብላ። «ዛሬ ጾም ላይ ነሽ?»

እውነቱን ብነግራት የምትሰማኝ ሴት ነበረች። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አፌ ግን እናቴ ጎረቤት ፊት እንደምትለው አለ። «አዎ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኳት። ውሸት ነበር። ሐኪሟ በሐዘን አየችኝና ጾምም ልክ አለው፣ ቄስሽን ጠይቂ አለችኝ።

ቤት ስንገባ ማዳም ካልሲዎቹን ቅርጫት ውስጥ ጣለቻቸው። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኋትም። ቁልፉን ከባሏ ተቀበለች። በማግስቱ ጠዋት ማቀዝቀዣው ፊት ቁልፉን ይዛ ቆማ አገኘኋት፤ አንድ ሰው ይሁን እንዲላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እንደ መምሬ ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ ልላት አሰብኩ። እኔ ማን ነኝ? መጥረጊያዬን ይዤ አለፍኩ። ሰባት ቀን እንቁላልና ኹብዝ በላን፤ እሷ እያለቀሰች ትበላለች። በስምንተኛው ቀን ሜትሩ ሁለት ጣት ጨመረ፣ ቁልፉም ወደ ባሏ ኪስ ተመለሰ። ኮንትራቴ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከአራት ወር ይቀረዋል። የወር አበባዬ አልተመለሰም። ይመለስ አይመለስ የሚነግረኝም የለም።

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ እናቴ በጎረቤት ስልክ ደወለች። ድምጿ ወፍሯል፣ ደስ አለኝ። ጎተራው እስከ አፉ ሞልቷል አለችኝ። ለፋሲካ በግ አርደው መምሬን ጋብዘዋል፤ እሳቸውም ላንቺ ጸሎት አድርሰዋል አለች። ከደጅ የሰው ሳቅ ይሰማል፣ የሚበላ ሰው ሳቅ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ ዛሬ ምን በላሽ ብላ ጠየቀችኝ። የማዳም ስልክ ወፍ ልትጮኽ ገና አራት ሰዓት ይቀራታል።

«ገና ነኝ እምዬ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኳት፤ ትመርቀኛለች ብዬ።

ከደጅ ያለውን ሳቅ ለመሸሽ ይመስለኛል ወደ ጓዳ ስትገባ ሰማሁ፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው?»