በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ግንበኛው ልጅ የሞባይሉን መብራት አብርቶ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገው። ድምፁ ባዶ ጀሪካን ሲመታ የሚሰጠው ዓይነት ነበር። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ውሃ የጠጣ የቆየ ልስን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ስምንተኛ ወሩ ነው። የኪራይ ክፍሎቹን አስጠግኚ ሲሉኝ እሺ አልኩ። በእነዚህ ወራት ለሁሉም ነገር እሺ እላለሁ።

ያን ድምፅ የማውቀው ከአባቴ ነው።

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ጉልበቱ ሲደክም የጥገና ገማች ሆነ። ድሬዳዋ ውስጥ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ከማደሱ በፊት እሱን ይጠራዋል። ፀሐይዋ ሳትበረታ ማልደን እንሄዳለን። ግድግዳውን በቁልፍ ይመታል። ሊሾው ላይ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። በመጨረሻ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ግድግዳውን ይነካና ይቀምሳል። ጨው ከሌለው እርጥበቱ ከጣሪያ ነው፤ ቆርቆሮ ተቀይሮ ያልቃል። ጨው ካለው ግን ከመሬት ነው የሚወጣው። ልስን አይመልሰውም፤ ግድግዳው ከመሠረቱ ፈርሶ መሠራት አለበት።

ቤቱ ውስጥ ሆኖ ግን ጉድለቱን አይናገርም። ተከራይ ይሰማል፣ ባለቤቱም ይደነግጣል ይል ነበር። ከግቢ ወጥተን ዛፍ ጥላ ሥር ስንደርስ ነው በዝግታ የሚነግረኝ። ማንበብና መጻፍ ስለማያውቅ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሱ ከታች አውራ ጣቱን ያሳርፋል።

ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ያሉትን እነዚህን ሁለት ክፍሎች ልናይ ስንመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቤቱ ባለቤት እናቱ በቅርቡ የሞተችበት፣ ባቡር ላይ የሚሠራ ወጣት ልጅ ነበር። ከእሷ የቀረለት ይኸው ነበር።

"ግምቱ ከበዛ እሸጠዋለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ?" አለው አባቴን። ሲናገር የበሩን እንጨት ይዳስስ ነበር።

ለእኔ በጣሳ ውሃ አመጣልኝ። አባቴ ግድግዳውን ሲቀምስ አየና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"አንቺም ትቀምሻለሽ?"

"እኔ የምጽፈው ብቻ ነው።"

"ከቀማሹ ጸሐፊዋ ታስፈራለች አቦ!"

ሳቅኩ። ስንወጣ በክፍቱ በር መለስ ብዬ አየሁት። ጣቱን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ወደ አፉ ወሰደና ፊቱን አጨማደደ። በአባቴ የሚያሾፍ መሰለኝ።

ዛፉ ሥር አባቴ ቆርቆሮውን፣ ኮርኒሱን፣ የበሩን ማጠፊያ አስጻፈኝ። በመጨረሻ "በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ፤ ጨው ነው፤ ከመሠረቱ" አለ። የዚያ አንድ መስመር ዋጋ ከሌላው ሁሉ ድምር ይበልጥ ነበር። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ በላይ አንቀሳቀስኩት እንጂ አልጻፍኩም። አባቴ ጣቱን አሳረፈ።

ልጁ ወረቀቱን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝና "እሺ፣ አልሸጥም" አለ።

ቤቱን በወረቀቱ መሠረት አሳደሰ፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን የወንዙ በኩል ልስን ረገፈ። ልጁ ቤታችን ሲመጣ ሊጮህ ነው ብዬ ጓዳ ገባሁ። "ያንን ግድግዳ ደግመህ ታይልኛለህ?" ሲል ብቻ ሰማሁት። አባቴን ተከትዬ ሄድኩ። ቀመሰ። ከዚያ ዞሮ እኔን አተኩሮ አየኝ።

"አመለጠኝ" አለ። "እርጅና ነው።"

በራሱ ሲሚንቶ፣ በነፃ ለሰነው። ጎረቤት አየ። ሽማግሌው ጨው አመለጠው የሚለው ወሬ ሰፈር ለሰፈር ዞረ፤ የሚጠራው ሰውም እያነሰ መጣ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ ያንን ቁልፍ በእጁ ሲያገላብጥ አየው ነበር። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ልጁ ግን በግድግዳው እያሳበበ መምጣቱን አልተወም። በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እየፋቀ ይለስነዋል። "ለምን አታፈርሰውም?" ስለው "ተይው አቦ፣ ተላምደናል" ይለኛል። መስመሩን ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ዘንድሮ እነግረዋለሁ፣ ለከርሞ እነግረዋለሁ ስል ሞተ።

"ማዘር፣ ይሄ ላይ ላዩን ነው የተለሰነው" አለኝ ግንበኛው። "ያኔ የገመተው ሰው ጨው አያውቅም ማለት ነው።"

"ያውቅ ነበር" አልኩት።

ጣቴን አርጥቤ ግድግዳውን ነካሁና ቀመስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀምሼው አላውቅም። ምላስ ይይዛል፤ ፊቴ በራሱ ጊዜ ተጨማደደ። በክፍቱ በር ያየሁት ፊት ያኔ መጣብኝ። ሲያሾፍ አልነበረም። ጨዉን ቀምሷል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ሲያነብ ግድግዳው እንደሌለበት አይቷል። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ያውቅ ነበር።

አባቴ ግን እርጅና ነው ብሎ ነው የሞተው።

ማልቀስ ነበረብኝ ይሆናል፤ ወይም መናደድ። ምንም አልመጣም።

"ልጻፈው?" አለ ግንበኛው።

"እስክሪብቶውን ስጠኝ።"

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ፤ ጨው ነው፤ ከመሠረቱ።

ግንበኛው የያዘውን የፕላስቲክ ውሃ ከፍቶ ዘረጋልኝ። "ማዘር፣ አፍሽን ተጉመጥመጪ።"

"ቆይ" አልኩት። "ትንሽ ይቆይ።"