የሆደን ወጥ ቤት ቬንትሌተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ስለማታውቁኝ ነው።

ጅጅጋ ውስጥ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። አባቴ ወታደር ሆኖ እዚህ ተመድቦ ሳለ ተወለድኩ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሙክታር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «አዴር» ነበር የምላቸው፤ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው። የተቃጠለ ሞተር ከፍተው፣ የከሰለውን ሽቦ ነቅለው፣ አዲሱን መዳብ እንደ ጥልፍ ሲጠቀልሉ እጃቸውን እያየሁ አምስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። በጾሜ ቀን ሳልጠይቃቸው ፉል ያዝዙልኝ ነበር። በረመዳን ደግሞ እኔ ፊታቸው ውሃ አልጠጣም ነበር። እኚህን ሰው ነው የበደልኩት።

ከስድስት ዓመት በፊት ሆደን የምትባል ሴት ገበያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። ከምድጃው በላይ ያለው፣ ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቬንትሌተር ተቃጠለባትና ሱቃችን ድረስ አመጣችው። ያኔ ቶጎጫሌ ላይ ትልቅ ቤት እያሠራች ነበር። እኔን አየት አድርጋ አዴር ሙክታርን ጠየቀቻቸው፦

«ይህ ልጅ የቤቱን የመብራት መስመር ብቻውን ይዘረጋልኛል?»

ልቤ ዘለለ። እሳቸው ግን ደንበኞች ባሉበት፣ «እጁ ጎበዝ ነው፤ ችኮላው ግን ገና አልለቀቀውም። አንድ ዓመት ይቆይልኝ» አሏት።

አንዱ ደንበኛ ሳቀ። እውነታቸውን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ከእውነቱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

በማግስቱ ሞተሩን ጠቅልለው ጨረሱ፤ ሞከሩት፤ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ክዳኑን ከፈትኩ። እንዲህ ያለውን ሞተር ወደ ኋላ እንዲዞር ማድረግ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ የማስነሻውን ጥቅል ሁለት ጫፎች ማቀያየር ነው። ቆረጥኳቸው። አቀያየርኳቸው። ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልኳቸውና ክዳኑን መለስኩ። ምን ነበር የፈለግኩት? ጭሱ ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ ወደ ውስጥ ሲነፋ ሆደን እንድታይ፣ አይታም ሽማግሌውን በሰው ፊት እንድታሳፍርልኝ። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ወስደን ስንገጥመው መብራት ጠፍቶ ነበር። አዴር ጥቂት ጠበቁና ደከማቸው። «ሲመጣ ሞክረው። ሳትሞክር እንዳታስረክብ» ብለውኝ ሄዱ።

መብራቱ መጣ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ። ማጥፋት እችል ነበር። ተሳስተናል ብዬ ነቅዬ መውሰድ እችል ነበር። ወጥ ሠሪዋ ሰዓዳ በበሩ ብቅ ብላ «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኳት።

ሽቦውን ያቀያየርኩት ተናድጄ ነው እንበል። ይህንንስ? «አለቀ» ስላት ንዴቱ የት ነበር?

ውርደታቸውን ለማየት ብዬ የወጥ ቤቱ በር ከሚታይበት ከፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሰዓዳ ሳምቡሳ ልትጠብስ እሳት አንድዳ ዘይት ጣደች። ነፋሱ ጭሱንና ነበልባሉን ወደ ፊቷ ገፋው። ዓይኗን ይዛ ስትሸሽ መጥበሻው ተገለበጠና የፈላው ዘይት ቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰ። ጩኸቷን የሰማሁት ብርጭቆውን እንደያዝኩ ነው።

አዴር ሙክታር እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሰዓዳን ሐኪም ቤት ከወሰዷት በኋላ ቬንትሌተሩን አውርደው ክዳኑን ከፈቱ። እሳቸው መጋጠሚያን ሁልጊዜ በእርሳስ ይበይዱታል እንጂ በናስትሮ ጠቅልለው አይተዉትም። ናስትሮውን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?» ብላ ሆደን ጮኸች።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፍ ነበረኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩን አምኖ የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሱቁን ዘግተው ሐርተሼክ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ደንበኞቻቸው ወደ እኔ መጡ። ተቀበልኳቸው።

አምና ሐርተሼክ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። «አዴር፣ ያ የሆደን ቬንትሌተር...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ያኔውኑ አውቄያለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ። የልጅቷ እጅ እንዴት ሆነ?»

«ጣቶቿ አይታጠፉም።»



«ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልታደርግ መጣህ?» አሉኝ።

ሰዓዳ አሁን መናኸሪያው አጠገብ የግመል ወተት ትሸጣለች። የምትቀዳው በግራ እጇ ነው። ከሐርተሼክ እንደተመለስኩ ልነግራት ሄድኩ። ስታየኝ «ሽማግሌው ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቂም አልያዘችባቸውም። «አላህ ያለው ነው፤ እሳቸው ምን ያድርጉ?» አለችኝ። ወተት ገዝቼ ተመለስኩ። ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ ሄድኩ፤ ወተት ገዝቼ ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ ይህን ጻፍኩ። ሰዓዳ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ይህን ደግሞ መጻፍ ስጀምር አውቅ ነበር። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የተቃጠላችሁት እናንተ አይደላችሁም።