የግድግዳው ጥግ አይጦች

በምርምር ተቋሙ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ፊት ለፊት «ዶክተር» ይሏታል፤ ዞር ስትል «ወይ ፍንክች» ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ዳይሬክተሩ ራሱ እንደሆነ ታውቃለች፤ አልከፋትም። ከዚህ የባሰ ስንት ስም አለ! ደረቅ ነሽ ለሚሏት ደግሞ መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ «እርጥብ ብሆን ኖሮ እስካሁን ጨምቃችሁ ታሰጡኝ ነበር።»

ሥራዋ የመድኃኒት ደኅንነት ነው። አዲስ መድኃኒት ሰው አፍ ከመግባቱ በፊት የሚቀምሱት የእሷ አይጦች ናቸው። አይጦቹ የሆኑትን አይታ ወደ ሰው ሙከራ «ይለፍ» ወይም «ይቁም» ብላ የምትፈርመው እሷ ናት።

ያን ሰሞን በእጇ የነበረው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ ያውም ለነፍሰ ጡሮች የታሰበ። ነባሩ መድኃኒት ሕመሙን ቢያስታግስም ፅንሱን ይጎዳል። ሴቶቹ ቢውጡት ለልጃቸው፣ ቢተዉት ለራሳቸው ይፈራሉ። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። የታናሽ ወንድሟ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ መድኃኒቷን አቋርጣ ሳለ ሕመሙ ጥሏት ምድጃው ላይ ወደቀች። ልጁም አልቀረላት፤ ክንዷም ተቃጥሎ እንደተኮማተረ ቀረ። ዛሬም ልጅ ትፈልጋለች፤ ተስፋዋ ያለው በዚህ በአዲሱ መድኃኒት ላይ ነው።

አይጦቹ ግን ጉድ ሠሩ። መድኃኒቱን የወሰዱት እናቶች የወለዷቸውን ልጆች መብላት ጀመሩ። ውኃ ብቻ የሚሰጣቸው እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን ታቅፈው ያጠባሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ዳይሬክተሩ «ይቁም» የሚለውን ሪፖርት አሰናድቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። የወንድሟን ሚስት እያሰበች ልትፈርም ነበር። እውነት እውነት ነው፤ ቢመርም ይዋጣል።

ከዚያ ዝናብ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ሰማዩ እንደጠቆረ ሰነበተ። በዚያ ሳምንት ከወለዱት እናቶች፣ መድኃኒት ወሳጆቹን ጨምሮ፣ ልጇን የበላች አንድም አልተገኘችም። ፀሐይ ስትወጣ ነገሩ እንደገና ተጀመረ። ሳጥኖቹ ፊት ቆማ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ ግድግዳውን ታይ ጀመር። መድኃኒት ወሳጆቹ ሁልጊዜ የሚደረደሩት በግድግዳው ጥግ፣ ውኃ ጠጪዎቹ በመስኮቱ በኩል ነው፤ ሚዛኑ እዚያ ስላለ ለሥራ ይቀላል። ማንም አላዘዘም፤ ልማድ ነው። እሷም ብትሆን አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ጣሪያው ላይ የተዘረጋው ሶላር የሰበሰበውን ኃይል ወደ መብራት የሚለውጠው ማሽን፣ ኢንቨርተሩ፣ ተገጥሟል። ፀሐይ ሲኖር ማሽኑ ይሠራል፤ ደመና ሲከብድ ይቆማል።

ሶላሩ የተቋሙ ኩራት ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጎበኛል። የዘረጋው ኢንጂነር ደግሞ ማን ሆነና! ያው ታናሽ ወንድሟ ነው። ጣጣ ሲመጣ ዘመድ አይመርጥም።

«አልፈርምም» አለች ስብሰባው ላይ።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አይጦቹ ልጆቻቸውን የሚበሉት ፀሐይ ሲወጣ ነው። ከግድግዳው ኋላ ያለው ማሽን እየረበሻቸው ይመስለኛል። እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ አይጥ ይሰማል።»

ሳቅ ሆነ። «አሁን ደግሞ ፀሐይን ልትከሺልን ነው? የማይሰማ ድምፅ ፍለጋ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«የእኔ ኩበት ለቀማ ከሆነ፣ የእርስዎ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሶላሩን መንካት ስለፈሩ መድኃኒቱን ይመታሉ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠውን ወንድሟን ላብ አጠመቀው።

«እትዬ፣ በሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂኝ?» አላት ኮሪደሩ ላይ ደርሶባት። «ማሽኑ እኮ ድምፅ የለውም! አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ።»

«አንተ አይጥ አይደለህም።»

«መድኃኒቱ እንዲሳካ ካንቺ ይልቅ የምፈልገው እኔ ነኝ! ሚስቴ ናት!»

«እንግዲያው ና» አለችና እጅጌውን ይዛ እየጎተተች ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። እዚያ የሌሊት ወፍ የሚያጠኑ ባልደረቦች አሏት። የሌሊት ወፍ የምታወጣውን ስስ ድምፅ ለሰው ጆሮ አወፍሮ የሚያሰማ መሣሪያ ተዋሰቻቸው። አይጦቹ ወዳሉበት ክፍል ገብተው በመስኮቱ በኩል ሲይዙት መሣሪያው ዝም አለ። ወደ ግድግዳው ጥግ ስታስጠጋው ብረት በብረት ሲፋቅ የመሰለ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ወንድሟ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አጥፊው!»

«እነሱ ማጥፊያ የላቸውም» አለችው።

ዳይሬክተሩ ሲነገረው ማሽን መጮሁ ብቻ አይጥ ልጇን ለመብላቷ ማስረጃ አይሆንም አለ። እዚህ ላይ እንኳ ልክ ነበር፤ የቆመ ሰዓትም በቀን ሁለቴ ልክ ነው። እሷም «እንግዲያው ሳጥኖቹን እናለዋውጥና እንይ» አለች። ከለከላት። ማንም ሳጥን እንዳይነካ ብሎ አዘዘ።

በማግስቱ፣ ሁሉም ሥራ በገባበት ሰዓት፣ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ማዘዋወር ጀመረች። መውለጃቸው የደረሰ አዲስ እናቶች ነበሩ፤ ውኃ ጠጪዎቹን ወደ ግድግዳው፣ መድኃኒት ወሳጆቹን ወደ መስኮቱ። ወንድሟ በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ብዙ አያት። ኋላ መጥቶ መደርደሪያውን በአንድ ወገን አነሳላት። ሲጨርሱ «ያዘዋወርኩት እኔ ነኝ» ብላ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች፤ ፊርማዋንም አኖረችበት። «መፈረም እንደማልጠላ ይወቁልኝ» አለች።

ፀሐዩም አላሳፈራት። መድኃኒት በአፋቸው ያልዞረ፣ ውኃ ብቻ የጠጡ እናቶች በግድግዳው ጥግ ልጆቻቸውን በሉ። በመስኮቱ በኩል ያሉት መድኃኒት ወሳጆች አጠቡ። ያሸነፈ ሰው ደስ ሊለው ይገባል። እሷ ግን ሳጥኖቹን እያጸዳች አለቀሰች። ያስበላናቸው እኛው ነን ብላ በራሷ ተናደደች።

ዳይሬክተሩ ለመገልበጥ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሶላሩ አይነካ እንጂ ለእሱ ሁለቱም ያው ነው። «ይለፍ» የሚል ሌላ ሪፖርት ይዞ ከተፍ አለ።

«ይኸው አሸነፍሽ! ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? መድኃኒቱ ንጹሕ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እንደዚያ አላልኩም። የመሰከሩበት ምስክሮች አይረቡም ነው ያልኩት። ለእሱ የሚመሰክሩትም ያው ናቸው፤ ሁሉም በዚያ ጩኸት ክፍል ውስጥ የኖሩ። ማሽኑ ይነሣ፣ ሳጥኖቹ ይደባለቁ፣ ከሥር ይጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«አንቺ ባትፈርሚ ሌላ ይፈርማል። አንቺንም አነሳሻለሁ።»

«ይችላሉ። እኔን ማንሳት ማሽኑን ከማንሳት ይቀላል። አይጦቹ ግን እኔ ስለሄድኩ ልጅ መብላት አይተዉም።»

በሩን ወርውሮት ወጣ።

በእረፍት ቀኗ ወንድሟ ቤት ሄደች። ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀና ብሎም አላያት። ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር፤ የተኮማተረውን ክንዷን አስደግፋ በደህናው ታሻለች።

«ሁሉም ደህና ነው ሲሉ አንቺ ብቻ እንቢ አልሽ አሉ» አለች ዞር ሳትል።

«አዎ።»

«ዕድሜዬ እየሄደ ነው እኮ፣ እትዬ። ከሥር እስኪጀመር ማሕፀኔ ቀጠሮ ይሰጣል?»

«አውቃለሁ።»

«እስቲ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ደህና ነው አይደል?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አላውቅም» አለች። «ደህና ቢሆን ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ግን እስካሁን አላውቅም።»

ሚስቱ ያጠበችውን ሳህን ደግማ አሸችው። ወንድሟ ወለሉን ያያል።

«ዳይሬክተራችሁ በሰው ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ተራ አስገባታለሁ ብሎ ለባሌ ነግሮታል» አለች። «ባሌም መጥቶ ለመነኝ። ትልቅ ሰውዬ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

«ምን አልሽው?»

«እትዬ ሳትፈርም አንዲት ፍሬ አልውጥም አልኩት። ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች!» ሳህኑን አቀበለቻት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሁለቱ ሳህን ያደራርቁ ጀመር። ወንድሟ ከጥጉ ተነሣ። የመሣሪያ ቦርሳውን ከበሩ ኋላ አወረደና መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ማየት ያዘ።

«ነገ ማሽኑን ከዚያ ግድግዳ እነቅለዋለሁ» አለ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለች እህቱ።

«ማንም።»