ተጋድሞ የመጣው ፍሪጅ

ገብረወልድን ቦንጋ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ፍሪጅ ያለው በጥገና ሥራው፣ የሌለው በጩኸቱ ያውቀዋል። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ሱቁ፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ጣሪያው ላይ ፍሪጅ ተጋድሞ ካየ ያ ቀን ለሁላችንም ተበላሸ። "አቁሙት! እናንተ ጉዶች፣ አቁሙት! ሬሳ ነው እንዴ የምታጋድሙት?" እያለ ወያላውንም ሹፌሩንም ባለ ፍሪጁንም በየተራ ያዋርዳል። አማርኛው ሲያልቅበት በካፊኖኖ ይቀጥላል።

እኔ ጎኑ ልብስ እሰፋለሁ። ሙያውን አከብራለሁ፤ ሰውዬው ግን ያናድደኛል። ይጮኻል እንጂ አያስረዳም። "ለምን?" ብሎ የጠየቀውን "አንተ ደግሞ ሰው ነህ?" ብሎ ያባርረዋል። ሥራውን የተማረው ጅማ ነው። እዚያ አለቃው ጥያቄ ያበዛውን በመፍቻ እጁን ይመታው ነበር አሉ። ገብረወልድ ታዲያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሙያውንም የአለቃውን ጠባይም ይዞ ገባ።

ዙፋን የሟች ወንድሙ ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የምትታለብ ላም ነበር። መብራት በፈረቃ ይመጣ በነበረበት በዚያ ዓመት ላሟን ሸጠችና መናኸሪያው በር ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳ ልትሸጥ ከጅማ አሮጌ ፍሪጅ አስመጣች። ፍሪጁ የጎጀብን ቁልቁለትና ዳገት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል ተጋድሞ ጨረሰው።

ገብረወልድ ገና ሲያየው ጦፈ። ቤቷ ድረስ ተከትሎ ፍሪጁን አስቆመና "እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው! የነካውን እጁን ነው የምቆርጠው!" ብሎ ደነፋባት። ሺሺንዳ ከተማ የሚጠብቀው ሥራ ነበረና ሌላ ሳይል ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የዙፋን ጎረቤት ሁሉ "እንኳን ደስ ያለሽ" ሊል ለስላሳ እየያዘ መጣ። እኛ ሰፈር አዲስ ዕቃ የገባበት ቤት እንግዳውን ሳያስቀምስ አይሸኝም፤ ፍሪጅ ከገባበት ቤት ደግሞ የሚቀመሰው ቀዝቃዛ ነው። መብራት አለ፤ ነገ ግን ፈረቃው የሌላ ሰፈር ነው።

"ጋሽ ገብረወልድስ?" አለች ዙፋን።

"እሱ ደግሞ መቼ ያልጮኸበት ቀን አለ!" ተባለና ተሳቀ። ፍሪጁም ተሰካ።

መጀመሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ ባዶውን እንደሚዞር ወፍጮ ተንቋቋ። ጠርሙሶቹ ሳይቀዘቅዙ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ገብረወልድ በማግስቱ መጥቶ የተናገረውን እዚህ ብደግመው ነውር ይሆንብኛል። ሲበቃው ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም የፍሪጁን ሞተር፣ ነቅሎ ሱቁ አመጣና በመጋዝ ቆረጠው። ዙፋን ተከትላው መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ያዘና ጣቷን ውስጡ ባለው ዘንግ ላይ አሳረፈው።

"የተፋቀው ይታወቅሻል? ይህ ዘንግ የሚዞረው እዚህ ኩሽኔታ ውስጥ ነው። ሁለቱን የሚያለያያቸው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ከታች ይጠራቀማል፤ ፍሪጁ ሲጋደም ወደ ቱቦው ይሸሻል። ቆሞ ካደረ ይመለሳል። ሳይመለስ ከሰካሽው ግን ብረት ብረትን ይበላዋል፣ ተናክሶ ይቀራል።"

የስፌት መኪናዬን በየጠዋቱ ዘይት የማጠጣ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ። ገባኝና ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዓመት ያሰደበን ነገር ይህች ብቻ ናት? አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቶ እስኪጨርስ ሊነግረን ይችል ነበር እኮ!

ዙፋን ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ይህን ትናንት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ነገርኩሽ እኮ! አትንኩት አላልኩም?"

"ጮኹብኝ እንጂ አልነገሩኝም።" ተነሳች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ግን ስትናገር አቀረቀረ። "በሉ እንግዲህ፣ ላሜ ሄዳለች። ለወንድምዎ ልጆች ወተቱን ጮኸው ያምጡላቸው።"