ፌኔትና የበሩ ማሽን

የቢሯችን ፌኔት ስትናደድ አትጮህም፤ ኪቦርዱን ትደበድባለች። የዚያን ቀን ቂሊንጦ ባለው ፋብሪካችን ከእሷ ኪቦርድ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። የመዳብ ሽቦ ተሰርቋል። መጋዘኑ የተከፈተው በኦቦ ጂራታ ካርድ እንደሆነ የበሩ ማሽን መዝግቧል፤ ሰዓቱ «03» ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲነበብ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። እኚሁ ሽማግሌ የመጋዘን ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ በሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጠዋል።

«ሌሊት ቤቴ ነበርኩ፣ ልጄ» አሏት ስታልፍ።

ፌኔት አመነቻቸው። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ በፊት አንድም ሌሊት ገብተው እንደማያውቁ ማሳየት ፈለገች። የማሽኑ የቆየ መረጃ የየቀኑ ለብቻው ዚፕ ፋይል ሆኖ ታሽጓል፤ አንድ በአንድ ከፍቼ ላንብብ ያለ ሰው እስኪጨርስ እሳቸው ወህኒ ይወርዳሉ። ስለዚህ አጭር ስክሪፕት ጻፈች፤ የዚፖቹን ሆድ በየተራ እየበረበረ የካርዳቸው ቁጥር ያለበትን መስመር ሁሉ የሚለቅም።

ኢንተር ነካች። ከድጡ ወደ ማጡ! ስክሪኑ በ«03» ተሞላ፤ ዓመቱን ሙሉ፣ በየሥራ ቀኑ።

«አላልኩሽም?» አለ ከጀርባዋ የቆመው የጥበቃ ኃላፊ፣ አቶ ተስፋሚካኤል። «ልማዱ ነው። አትሚልኝና ለፖሊሶቹ ልስጣቸው።»

ፌኔት ሽማግሌውን በገዛ እጇ አሳልፋ የሰጠቻቸው መሰላት። ደግሞም ተናደደች፤ በየሌሊቱ ከእንቅልፉ እየተነሳ መጋዘን የሚከፍት ሽማግሌ የት አገር አለ?

«አንዴ ይታገሱኝ» አለችና የራሷን ካርድ ቁጥር አስገባች። መልሱ መጣ፤ 02፣ 02፣ 02።

«እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብላ ዞረችበት። «ሰርቪሱ የሚያደርሰን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው እኮ!»

ለካ ማሽኑን የገጠመው ሰው የእጅ ሰዓቱን አይቶ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ደሞዛችን የሚሰላው በቀን ስለሆነ ሰዓቱን ልብ ያለው የለም። ኦቦ ጂራታ መጋዘኑን የከፈቱት ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በሥራቸው ላይ ነበር።

አቶ ተስፋሚካኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፖሊሶቹም ሽማግሌውን ለቀቋቸው። እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ቢሯችን በር ላይ ቆመው ኃላፊውን ትኩር ብለው አዩት።

«አምና በዚሁ ማሽን ሰዓት ያስፈረድክበት ዱጉማስ?» አሉት።

ዱጉማ የመጋዘን ባልደረባቸው ነበር፤ አሁንም እስር ቤት ነው። ፌኔት የዱጉማን ካርድ ቁጥር መጻፍ ጀመረች።