እጄን ያስወረደኝ መምህር

አላመንኩም። ይህን እየጻፍኩም አላመንኩም።

ጠዋት የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ስልኳን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አባባ፣ ቲቸር በራሶ…» አለች። እኔም እንደ ልማዴ «ዛሬ ደግሞ ምን ከለከለኝ?» አልኳት። ሳትስቅልኝ ስትቀር ገባኝ።

በራሶ ሞተ። በወባ። በዚህ ዘመን፣ በወባ! ተዛውሮ ከሄደበት ገጠር ወደ ሀዋሳ ሲያመጡት መንገድ ላይ አለፈ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በራሶ እዚህ ታቦር ሰፈራችን ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር ነበር። ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት የቁጠባና ብድር ማህበር ያቋቋመ ሰው ነው። ልጆቹ ከባጃጅና ከምሳ የተረፈቻቸውን ያስቀምጣሉ፣ ለቸገረው አባል ያበድራሉ፣ ጓደኞቹ ዋስ ይሆኑታል። ሊቀመንበሯም ገንዘብ ያዡም ተማሪ ናቸው። ሊቀመንበሯ የኔዋ ቃልኪዳን ናት።

ያኔ «ለሕፃን ወለድ ያስተምራል» እያላችሁ ሰፈሩን የዞራችሁ፣ ዛሬ ፎቶውን ለጥፋችሁ ሻማ ያበራችሁለት፣ አይቻችኋለሁ። መነፅሬን አድርጌ ነው ያየኋችሁ።

እኔማ ፊት ለፊት ነበር የማሾፍበት። «አንተ ሰውዬ፣ ሲቸግራቸው ወደኔ ነበር የሚመጡት። አሁን ለሳንቲም ብሎ ማን ሊስመኝ ነው?» ስለው ይስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ብድር ሲወሰን ከወላጆች ጋር ሄጄ ኋላ ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ጥቁር ሰሌዳው አልታያት ብሎ ለመነፅር መበደር ፈለገች። «ካልከፈለች ከዓይኗ ላይ ልታወልቁት ነው?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ልጅቷም ሳቀች። ድምፅ ሲሰጥ ግን አሳዘነችኝና ይሰጣት ብዬ እጄን አወጣሁ።

በራሶ በዚያ ቀስ ባለ አነጋገሩ «አባባ፣ እጅዎን ያውርዱ። የልጆቹ ነው» አለኝ።

«በዚህ ሽበቴ?»

«ሽበትዎን አከብራለሁ። እጅዎን ግን ያውርዱ።»

አወረድኩ። መነፅሩንም ልጆቹ ራሳቸው ፈቀዱላት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ገና ሰላም ልለው እጄን ሳነሳ «ያውርዱ!» ይለኝ ነበር፣ የተረገመ!

ከዚያ ያ ነገር መጣ። ትምህርት ቤቱ እንግዳ ሊመጣበት ነው ተባለና ርዕሰ መምህሩ አጥሩን ለማስቀባት የልጆቹን ቁጠባ ጠየቁ። በጀት ሲለቀቅ ይመለሳል አሉ። በራሶን ቢሮ ጠርተው «በል እሺ በሉ በላቸው» ቢሉት «የልጆቹ ነው፣ ልጆቹን ይጠይቁ» አላቸው። መጥተው ጠየቁ። ቃልኪዳን፣ ያቺ ቀጭን ልጅ፣ ተነስታ «ብድር ለአባል ብቻ ነው። ደግሞስ ዋስ ማንን ይጠራሉ?» አለቻቸው።

ልጆቹ አይሆንም አሉ። አጥሩ ሳይቀባ እንግዳው መጣ፣ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የበራሶ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ሚስቱና ልጆቹ እዚህ፣ እሱ ጤና ጣቢያ እንኳ በቅርብ የሌለበት ቆላ። እንግዲህ ሥራው ቀልጥፏል። እንኳን ደስ ያላችሁ።

መናኸሪያ ሄጄ ሸኘሁት። ፍራሹ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል። እንዳላለቅስ ብዬ «ዋስ ሳትጠራ ወዴት ትሄዳለህ?» አልኩት። ሳቀና እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አባባ፣ አንድ አደራ አለኝ፣ ልጆቹን እንዳይረዷቸው» አለኝ። ሰው ሲሄድ እርዷቸው ብሎ ነው አደራ የሚለው። ይሄ እንዳትረዷቸው ይላል!

ዛሬ ከሰዓት ልጆቹ ተሰበሰቡ። እኔም ሄድኩ፣ የድሮ ቦታዬ ኋላ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ ለቀብሩ የአበባ ጉንጉንና ትልቅ ባነር አዘዋል። የባነሩን ናሙና በስልክ አሳዩን፤ የትምህርት ቤቱ ስም ከሟቹ ስም ይበልጣል። «ወጪው ከማህበሩ ቁጠባ ይሁን፣ መሥራቹ አይደል?» አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ነው ያሉት፣ በሐዘን።

ልጆቹ ተንጫጩ። ግማሾቹ እያለቀሱ «ለቲቸር ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አሉ። ቃልኪዳን ዓይኗ አብጦ ተነሳች። «ይሄ የብድር ገንዘብ ነው። ቲቸር ቢኖር አይነካም ነበር የሚለው። ለቲቸር የምናወጣው ከኪሳችን ነው። ድምፅ እንስጥ» አለች።

እኔ ግን አልቻልኩም። አጥሩ ገደል ይግባ፣ ባነሩም ገደል ይግባ፣ ለሱ ከሆነ ሁሉንም አውጡለት ልል እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ።

መነፅር ያደረገች ልጅ ከፊቴ ዞረች። ያቺው ናት። እንባዋ ከመነፅሩ ሥር ይወርዳል።

«አባባ፣ እጅዎን ያውርዱ። የኛ ነው» አለችኝ።

ከዚያ የራሷን እጅ ከቃልኪዳን ጋር አወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ቁጠባው አይነካም ተባለ። ርዕሰ መምህሩ የባነራቸውን ከራሳቸው ኪስ ይክፈሉ።

በራሶ፣ አንተ ግትር። እኔ ሽማግሌው ተቀምጬ አንተ ቀደምከኝ፣ ይሄን አልረሳልህም። የላኩህን ሰዎችም አልረሳም፣ ነገ ቀብርህ ላይ ከፊት ይቆማሉ።

አደራህን ጠብቄያለሁ፤ አልረዳኋቸውም። ልርዳ ብልም አላስጠጉኝም።

ነገ ስንሸኝህ ግን እጄን አነሳልሃለሁ። እስቲ «ያውርዱ» በለኝ።

ደህና ሁን፣ ልጄ።